በረኪናውን እናስቀር ወይስ አያያዙን እናስተካክል? የዕድራችን ረቂቅ ሐሳብ፣ ሐዋሳ

የዕድሩ ጸሐፊ
ጤና ይስጥልን ወገኖች። ቤታችን የሚገባውን ኃይለኛ ኬሚካልና ሰው ሠራሽ ሽታ ስለመቀነስ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ ይኸው፦ «አባላት ሽቶ ያለበት ሳሙና፣ ኤር ፍሬሽነር፣ በረኪናና የተባይ መርጫ ከቤታቸው ያስወጡ። በምትኩ ሎሚ፣ አቼቶና እንዶድ ይጠቀሙ።» በቃ ይኸው ነው። ያልተዋጠላችሁን ጻፉ።

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ
እንዴ ልጄ! በረኪና ቀርቶ የለቅሶ ቤት ብርጭቆ በምን ሊታጠብ ነው? ድንኳኑስ ሻጋታ ሲያወጣ? ደግሞ «ሰው ሠራሽ ሽታ» ብላችሁ ጀምራችሁ ነገ ዕጣኔ ላይ እንዳትመጡ። ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ነርሷ አባል
እትዬ እውነትዎን ነው፣ በረኪና መቅረት የለበትም። ኮሌራ በሚነሳበት አገር በረኪና አስወጡ ብንል ጤና ጣቢያው ይታዘበናል። ጉዳት የሚያመጣው አያያዛችን ነው።

መጀመሪያ መደባለቁን እንይ። በረኪና ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚያጸዳ ሰው ሳንባው ይጎዳል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። የቆየ ሽንት ራሱ አሞኒያ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ብዙ ውሃ ይደፋ፣ በረኪናው ከዚያ በኋላ ይምጣ። ጸሐፊያችን አይቆጣኝና፣ ረቂቁ ያመጣቸው ሎሚና አቼቶም አሲድ ናቸው። «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ከበረኪና ጋር የሚደባልቅ ሰው ያው ክሎሪን ነው የሚያወጣው።

ሁለተኛው ሃይላንዱ ነው። እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ይኼ ነው። በረኪና ከሱቅ በሃይላንድ ተቀድቶ ይመጣል። ምንም ጽሑፍ የለበትም። ከርቀት ውሃ ይመስላል። ልጅ ከትምህርት ቤት ጠምቶት ሲመጣ ማን ይነግረዋል? ነጭ ጋዝም እንዲሁ። ከጠጣ ደግሞ ጣት አስገብቶ ማስመለስ የለም። ሲመለስ ጉሮሮውን ድጋሚ ያቃጥለዋል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። አፉን አጉመጥምጦ፣ ጠርሙሱን ይዞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

መጠኑንም እንጻፍ። ማሸጊያው 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሆናል። ለወለልና ለሽንት ቤት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የተበጠበጠው አድሮ ኃይሉ ስለሚቀንስ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ።

ሐይቅ ዳር ያሉ አባት
እንዶድ የሚለውን እኔ አልፈርምም። እናቶቻችን ሸማ ያጠቡበት ነበር፣ ጥሩ ያነጣል፣ አልካድኩም። ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ያዩት ምን ነበር? ሴቶች በእንዶድ ካጠቡበት በታች ቀንድ አውጣው ሞቶ ነው። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣው ስለሆነ፣ ለበሽታው መከላከያ ትልቅ ግኝት ሆነ። እንዶድ ግን ዓሣም ይገድላል። የኛ ሐይቅ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው እዚያው ይቀራል። እጥበቱ በቦይ ወርዶ ሐይቁ ከገባ ቆሮሶ ዓሣችንን ማን ይመልስልናል? አሞራ ገደል ዓሣ የሚበላ ሁሉ ያስብበት።

የኬሚስትሪ መምህሩ
ጋሼ ልክ ናቸው። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ገር አይደለም።

ስለ ሽታው ልጨምር። ማሸጊያ ላይ «ፍራግራንስ» ወይም «ፓርፉም» ተብሎ በአንድ ቃል የሚታለፈው ነገር ብዙ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠር ኬሚካል ነው። አንዳንዱ ቆዳ ያሳክካል፣ አስም ያለበትን ሰው ያፍነዋል። የአውሮፓ ኅብረት በመዋቢያዎች ላይ 26 አለርጂ አምጪ ሽታዎች በስም እንዲጻፉ ያስገድድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥሩን ከ80 በላይ አደረሰው። የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን አየር ላይ ካለ ኦዞን ጋር ሲገናኝ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ኤር ፍሬሽነር ደግሞ መጥፎውን ሽታ አያስወግድም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። የሚሸት ሽንት ቤት ካለ ቧንቧው ይታይ።

በነገራችን ላይ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ የምትደባልቁ፣ አረፋው ያምራል እንጂ እርስ በርስ ተጣፍተው የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው። አቼቶውን ለብቻው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ለተጋገረው ነጭ ነገር፣ ሶዳውን ለብቻው ለድስት መፈተጊያ ተጠቀሙ።

አዲሷ አራስ
ጡት እያጠባሁ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ። ጋቢና ነጠላ ሳጥን ውስጥ የምንጨምረው ናፍታሊንስ? ሌላም አለኝ። ጎረቤቴ ትኋን አስቸግሯት ለእርሻ የሚሸጠውን ማላታይን ፍራሹ ላይ ረጭታ ልጆቿን አስተኛችበት። ምን ልበላት?

ነርሷ አባል
እንኳን ማርያም ማረችሽ። ናፍታሊን ሕፃን ባለበት ቤት ይቅር። አንዳንድ ሕፃናት በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ኢንዛይም አለ፣ እነሱ ላይ ናፍታሊን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ጋቢው ታጥቦ ፀሐይ ይምታው።

ማላታይን ነርቭ የሚነካ መርዝ ነው፣ መኝታ ላይ በፍጹም! ልጆቹ ዛሬውኑ ከዚያ ፍራሽ ይነሱ። ምራቅ የበዛበት፣ የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የከበደው ካለ ሆስፒታል ይሂድ። ትኋን ሙቀት አይችልም። አንሶላው በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ የአልጋው ስንጥቅ ላይም የፈላ ውሃ ይፍሰስ። የወባ አጎበር ግን «ኬሚካል አለው» ተብሎ እንዳይወርድ። ሐዋሳ ነን፣ ወባው አልሄደም።

ገንዘብ ያዡ
እኔ የማስበው ስለ ካዝናው ነው። የተባለው ሁሉ ጥሩ፣ ግን ዕድሩ የሰው ቤት ገብቶ ሳሙና አይቆጣጠርም። የምንችለውን እንጻፍ። ሽቶ የሌለውን ሳሙና ከአከፋፋይ በካርቶን ገዝተን ለአባላት ባመጣንበት ዋጋ እንስጥ። በረኪናም በፋብሪካው ጀሪካን እናምጣ። ዋጋውን ከሦስት ቦታ ካላየሁ ግን ብር አላወጣም።

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ
ዕጣኔስ?

ነርሷ አባል
እትዬ፣ የዕጣንና የሰንደል ጭስም ሳንባ ይነካል፣ አልዋሽዎትም። አይከለከልም፣ መስኮት ተከፍቶ ይጨስ። ከሰሉ ግን ይብሳል። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳይሰማው ነው የሚገድለው። ምድጃ መኝታ ቤት አይደር።

የዕድሩ ጸሐፊ
እሺ፣ የተስተካከለው ይኸው፦

«ዕድሩ በራሱ አዳራሽና ዕቃ ቤት ኤር ፍሬሽነርና የሽንት ቤት አሲድ መግዛት ያቆማል። በረኪና ይቀጥላል፣ ሆኖም በፋብሪካው ዕቃ ብቻ፣ ተቆልፎ፣ የመበጥበጫው መጠን በአማርኛና በሲዳምኛ ተለጥፎበት። በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ነገር ጋር አይደባለቅም። አባላት በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ እንዳያስቀምጡ ጡሩምባ ነፊው እየዞረ ያሳስባል። ሽቶ የሌለው ሳሙና በጋራ ይገዛል። ናፍታሊን፣ የእርሻ መርዝና የከሰል ጭስ ላይ ነርሷ አባላችን በወርሃዊው ስብሰባ ያስረዳሉ።»

እንዶድ ወጥቷል። ዕጣን አልተነካም።

ሐይቅ ዳር ያሉ አባት
የአዳራሹ እጥበት ቦይ ውስጥ አይደፋ የሚል ጨምርበትና እፈርማለሁ።

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ
የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ነው፣ እሱም እኔ ጋ ነው። እኔ ለቅሶ ከሄድኩ በረኪናውን ማን ይከፍታል? ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ በሉ።

ገንዘብ ያዡ
የቁልፉን ወጪ አጽድቄያለሁ። የሳሙናውን ዋጋ ሳመጣ እንነጋገራለን።