የካቲት 12ን እያሰብን፦ «አልዋጋም» ማለት ጦርነትን ያስቀራል?

ጠያቂው፦ ሰላም ናችሁ? የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ጋ ነበርኩ። አርበኞቹ ኒሻናቸውን ደርድረው መጡ፣ ማርሽ ባንዱ ተጫወተ፣ የአበባ ጉንጉን ተቀመጠ። አጠገቤ የቆመ ልጅ «ሙታንን እንዲህ እያጀገንን እኮ ነው ቀጣዩን ዘማች የምናዘጋጀው» አለኝ። በምንም ምክንያት መሣሪያ አይነሳም ባይ ነው። በ1929 የካቲት 12 ጣሊያኖች የፈጇቸው አብዛኞቹ ዘማች አልነበሩም፤ ቤታቸው ውስጥ የተቃጠሉ፣ በአካፋና በዶማ የተጨፈጨፉ ናቸው አልኩት፣ ግን በደንብ አላሳመንኩትም። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የአርበኛ ልጅ፦ ሁሉም አልዋጋም ቢል ይቀራል። ችግሩ አንዱ ወገን ብቻ ሲል ነው። ኦጋዴን ውስጥ ወልወል ላይ ከጣሊያን ጋር ግጭት ሲነሳ ጃንሆይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ሰበብ እንዳናቀብል ብለው ጦሩን ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አሸሹት። ከዚህ በላይ ሰላም ፈላጊነት አለ? ሙሶሊኒ መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝ የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ነበር፤ ፊርማው ቆዳው ለተላጠው ወታደር ምን ጠቀመው? እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ «ለሁለቱም መሣሪያ አንሸጥም» አሉ። አሪፍ ገለልተኝነት! ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ አላት፣ እኛ የምንገዛው ከውጭ።

ሐበሻው ከለንደን፦ ልክ ነህ፣ ግን ጥፋቱን ሰላም ወዳዱ ሕዝብ ላይ አትደፍድፈው። በ1927 እዚህ እንግሊዝ ቤት ለቤት ድምፅ ተሰብስቦ ነበር። ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳተፈ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ወራሪ በኢኮኖሚ ማዕቀብ ይቀጣ አለ። በጦርም ቢሆን ይቁም ያሉት ከ6 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ያለዘበው መንግሥት ነው። ነዳጅ ማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፣ ጭራሽ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ሰፊ መሬታችንን ለሙሶሊኒ ሊያስረክቡ በድብቅ ተስማምተው ወሬው ሲወጣ ሕዝቡ ጮኸባቸውና ሆር ሥልጣኑን ለቀቀ። እውነተኛው አልዋጋም ባይ የሌበሩ መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ነበር። ማዕቀቡን ጭምር ወደ ጦርነት ይወስደናል ብሎ ተቃወመ፣ መሪነቱንም ተወ። ሰውየውን አከብረዋለሁ። ለማይጨው ግን ምንም አልፈየደም።

የመቐለ ልጅ፦ ሁላችሁም ምርጫ ስለሌለው ጦርነት ነው የምታወሩት። ባድመስ? በሁለት ዓመት ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች አለቁ። ከዚያ የአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፣ በ1994 የድንበር ኮሚሽኑ ባድመን ለኤርትራ ፈረደ፣ እኛም 16 ዓመት አንገራግረን በ2010 እንቀበላለን አልን። ጎረቤታችን እማማ የልጃቸውን ፎቶ፣ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ሳሎን ሰቅለዋል። ያን ሰሞን ዜናው ሲጀምር ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑን ያጠፉ ነበር። «ታዲያ ለምን ሞተ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ጥቅምት 2016 ደግሞ ትግራይ ውስጥ በ2013 በተነሳው ጦርነት ላለቁት ሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ስንቱ ቤት መርዶ እንደገባ እኔ አይቻለሁ። ያ ልጅ ቦታውን አላወቀበትም እንጂ ጥያቄው ሞኝ አይደለም።

የአርበኛ ልጅ፦ በዚህ አልከራከርሽም እህቴ። ግን በባድመም ጊዜ ጦርነቱ ወር ሳይሞላው አሜሪካና ሩዋንዳ የሰላም ሐሳብ አቅርበው ነበር። ኢትዮጵያ እሺ አለች፣ ኤርትራ እምቢ። እዚያም አንዱ ወገን ብቻውን ነው እሺ ያለው።

የመቐለ ልጅ፦ እሺ ያለችው አዲስ አበባ የ1994ቱን ፍርድ በኋላ እምቢ ያለችውም ራሷ ናት። ይህንንስ ለእማማ ማን ይንገርልኝ?

ጠያቂው፦ ልጁን ቴሌግራም ላይ አገኘሁት፣ ይህን ሁሉ ልኬለታለሁ። ላንስበሪን ወዶታል። ስለ 30 ኪሎ ሜትሩ ግን እስካሁን መልስ የለውም።