ለጦርነት ሙታን የሚጻፍ ግጥም መፈክር እንዳይመስል ምን ይደረግ?

ስንኝ ፈላጊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጦርነት ላለቁ ወጣቶች መታሰቢያ የሚነበብ የ24 ስንኝ ግጥም በወል ቤት፣ ማለትም ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት ሐረጎች በሚከፈልበት ምት፣ እየጻፍኩ ነው። ቀለሙን (አንድ ላይ የሚነገረውን የድምፅ ክፍል) ስድስት ስድስት አድርጌ ቆጥሬያለሁ፣ ቤቱም ይመታል (የስንኞቹ መጨረሻ ይገጥማል)። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ሐዘን ሳይሆን የአደባባይ መፈክር ይመስላል። መክፈቻው ይኸው፦

የጀግናው ደም ፈሶ ምድር ተጨነቀ፤
እናት አለቀሰች ሰማዩ ወደቀ።

የቱ ላይ ነው የሚበላሸው? አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው «ሞተ» ማለትስ ያስኬዳል? ኅብረ ቃል (ሁለት ትርጉም የያዘ ቃል) ባስገባበት ደግሞ ሐዘኑን ያቀልብኛል ብዬ ፈራሁ።

የወል ቤት፦
እህቴ፣ ልኩ እንከን የለውም። የ–ጀግ–ናው–ደም–ፈ–ሶ ስድስት፣ ም–ድር–ተ–ጨ–ነ–ቀ ስድስት። የሚበላሸው ስሞቹ ላይ ነው። ጀግና፣ ደም፣ ምድር፣ እናት፣ ሰማይ፦ በሁለት ስንኝ አምስት ትልልቅ ስም ተደርድሮ አንዱም የማንም አይደለም። አራቱም ሐረግ የየራሱን ሥዕል ይዞ ስለሚመጣ ሰሚው አንዱን ሳያይ ሌላው ይደርስበታል። ከየስንኙ ጎን «የማን?» ብለሽ ጻፊበት። መልስ ያጣው ስንኝ ይውጣ።

በምትኩ አንድ ዕቃ ያዢ፦

ኮቱ ከሚስማሩ ዛሬም አልወረደ፤
የሞላው ትከሻ በየት በኩል ሄደ።

እዚህ ደምም እንባም የለም። ሁለቱ ስንኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያዩት፤ ሰውየውን የሚያመጣው የኮቱ ባዶነት ነው። ለ24 ስንኝ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ይበቃል። ኮቱ መጀመሪያ ላይ ከታየ መሀል ላይ ተመልሶ ይምጣ፣ ግን ተለውጦ፦ አቧራ ለብሶ፣ ወይም ታናሽየው ለብሶት።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተባለውን ደግሞ ልብ በይ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፤
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ጦር የለበት፣ ደም የለበት። አንድ ቦታ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ቁጥር። ሙገሳው ያለው «አንድ» የምትለዋ ላይ ነው፤ የቀረው ሕዝብ ሁሉ ከቁጥር ወጣ። በዓይን ስትቆጥሪው የመጀመሪያው ሐረግ ሰባት ይመጣል፤ በአፍ ግን «መቅደላ» እና «አፋፉ» ሲነካኩ «ላ» እና «አ» ይዋዋጡና ስድስት ይሆናል። ስለዚህ ቀለም በጆሮ እንጂ በፊደል አይቆጠርም። ሳድስም (እንደ «ል»፣ «ም» ያለው ስድስተኛው የፊደል ድምፅ) እንደዚሁ ነው፤ አንዳንዴ ይነበባል፣ አንዳንዴ ይዋጣል።

እንጉርጉሮ፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ ግሡን ልጨምር። መፈክር የሚመስለው ሙሾው ወደ ፉከራ ስለሚንሸራተት ነው። ፉካሪ ያውጃል፤ አልቃሽ ትጠይቃለች፣ ሟቹንም «አንተ» ብላ ታናግረዋለች። ከአንቺ አራት ግሦች ሦስቱ አዋጅ ናቸው፦ ተጨነቀ፣ አለቀሰች፣ ወደቀ። «ፈሶ» እንኳ ለአዋጁ መንደርደሪያ ነው።

የሞት ግሦችም አንድ አይደሉም። «አረፈ» ዕድሜ ጠግቦ አልጋው ላይ ለሄደ ሰው ይስማማል፤ በሃያ ዓመቱ ምሽግ ውስጥ ለሞተ ልጅ ሲባል ጆሮ ይቆረቁራል። «ወደቀ» ጦር ሜዳውን ያሳያል። «ተሠዋ» ሞቱ ለዓላማ ነበር ብሎ ይፈርዳል፤ ያን ፍርድ ካላመንሽበት አትጻፊው፣ ምክንያቱም ግጥሙ በዚያች አንዲት ቃል ወገን ይይዛል። አስከሬን ላልተገኘለት ደግሞ አማርኛ «ቀረ» አለው። ሳይመጣ ቀረ፣ እዚያው ቀረ፣ ሁለቱንም ነው፤ ተስፋውንም መርዶውንም በአንድ አፍ ይናገራል፦

በሩን ልዝጋው እንዴ ወይስ ክፍት ልተወው፤
ቀረ ያሉኝ ልጄ የት ላይ ነው የቀረው።

ቤቱ በ«ው» ብቻ ስለሚመታ ደከም ይላል፤ ከ«ው» በፊት ያለውንም ፊደል ማስማማት ቢቻል ይጠነክራል። እኔ ግን ለ«ቀረ» ስል ቤቱን አሳልፌ እሰጣለሁ።

ሰምና ወርቅ፦
ኅብረ ቃል ሐዘንን የሚያቀለው ብልጠቱ ሲታይ ነው። ሰሙ (ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም) ለብቻው የተሟላ ኑሮ ካለው ግን ሐዘኑን ያጠልቀዋል፦

ደብዳቤ ጽፎልኝ ልጄ ከጦር ሜዳ፤
መልሱ ነው፣ መልሱ ነው የቀረብኝ ዕዳ።

ሰሙ፦ እናት ለደብዳቤው መልስ ሳትጽፍ ቀረች። ወርቁ (ድብቁ ትርጉም)፦ «መልሱ!» የሚል ጩኸት፣ ልጁን ለወሰዱት። በጽሑፍ ልዩነት የላቸውም፤ በአፍ ግን ስሙ መል–ሱ ሁለት ቀለም ነው፣ ትእዛዙ «ል»ን አጥብቆ መል–ል–ሱ ዓይነት ሦስት ይሆናል። ልኩ የሚሞላው በሰሙ ነው። አንባቢ ወርቁን ላሳይ ብሎ ካጠበቀው ስንኙ ይረዝማል፣ ምሥጢሩም ይፈሳል። ለዚህ ነው ቃሉ ሁለት ጊዜ የመጣው፤ ድግግሞሹ ራሱ ጩኸቱን ያሰማል። በ24 ስንኝ ውስጥ አንድ ኅብረ ቃል በቂ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ሰሚው ማዘኑን ትቶ መፍታት ይጀምራል።

ስንኝ ፈላጊዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። መክፈቻውን ጥዬ በኮቱ ዓይነት ዕቃ እንደገና ጀመርኩ። መዝጊያው ግን አሁንም «ሰላም ይስፈን» በሚል ነው ያለው። ልተወው? ለንባቡስ ምን ላድርግ?

የወል ቤት፦
መዝጊያውን ቁረጪው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች በእጅሽ ሸፍነሽ አንብቢና ግጥሙ ካልጎደለ አይመለሱ። መጨረሻው ኮቱ ላይ ወይም ጥያቄው ላይ ይቁም።

ለንባብ፦ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ አጭር እስትንፋስ፣ ከስንኙ መጨረሻ ረዘም ያለ። ጠብቀው የሚነበቡትን ፊደላት በእርሳስ አስምሪባቸው፤ «አለ» እና «ገና» ዓይነቶቹ መድረክ ላይ ነው የሚያሳስቱት። ድምፅሽን ስንኙ መጨረሻ ላይ አታንሺው፣ ፉከራው የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። «የት ላይ ነው የቀረው» ዓይነት ጥያቄ ላይ ስትደርሺ ደግሞ ሦስት እስኪቆጠር ዝም በይና ወደሚቀጥለው እለፊ።