የአንቀጽ 39 ክርክር ቃለ ጉባኤ የት ይገኛል?

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ትንሽ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ፖለቲካል ሳይንስ እማራለሁ፤ ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። መምህራኖቻችን በጣም ቅርብ ናቸው፣ ግን አፍሪካን ያጠና የለም። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ መገንጠል መብት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1869 አንድ ግዛት በራሱ ፈቃድ ብቻ መውጣት እንደማይችል ወስኗል። የእኛ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 39 መብቱን ከነሥርዓቱ ጽፎታል፦ መጀመሪያ የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ። የጨነቀኝ ይሄኛው ነው። ኅዳር 1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ያጸደቀው ጉባኤ በአንቀጽ 39 ላይ ምን ተባባለ? የአማርኛው ቃለ ጉባኤ በኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት የለም። ስካኑ ያላችሁ፣ ወይም ማን እንደሚያውሰኝ የምታውቁ፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ። የተናጋሪዎቹን ቃል ራሴ ማንበብ እፈልጋለሁ።