ከሩጫ ወደ ስፖርት አመራር ከየት ይጀመራል?

የሰንዳፋው፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ክለብ ውስጥ 10 ሺህ ሜትር እሮጣለሁ። ሰዓቴ 30 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ እዚህ አገር በዚህ ሰዓት የት እንደሚደረስ ታውቁታላችሁ። ማናጀር ዞር ብሎም አያየኝም። ግን ከሩጫ መራቅ አልፈልግም፤ ክለብ ወይም ፌዴሬሽን ውስጥ በአመራር መሥራት ነው ያማረኝ። ስም የሌለው ሰው ይገባል? ወይስ ግድ ኃይሌን መሆን አለብኝ?

ቡድን መሪው፦
ለፕሬዚዳንትነቱ ስም ይረዳል፣ አልዋሽህም። ኃይሌ በ2009፣ ደራርቱ በ2011፣ ስለሺ ስህን በ2017 ዓ.ም. የፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንትነት ሲይዙ ሦስቱም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበራቸው። ከዚያ በታች ያለው ሥራ ግን ሌላ ነው። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሰው ሲጀመር ዳይሬክተሩ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኔሩርካር ነበር። ማራቶን ሯጭ ነው፤ አትላንታ ኦሎምፒክ ላይ 5ኛ ወጣ እንጂ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለውም።

እኔ የክለብ ቡድን መሪ ነኝ። ከሩቅ ሲያዩት ሜዳ ነው፣ ሲገቡበት ወረቀት፦ የምዝገባ ቅጽ፣ የውሎ አበል፣ የመኪና ደብዳቤ። አንድ አገር አቋራጭ ላይ የልጃችን የደረት ቁጥር ከስም ዝርዝሩ ጋር አልገጥም አለ። ሴቶቹ መነሻው ላይ ተሰልፈዋል። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አሰልጣኙ ይጮኻል፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ለካ ሰርቪስ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ሲያደራርጉ ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይረዋል! ያኔ ሳይጮህ ዝርዝሩን ገልጦ የሚያገኝ ሰው ነው የሚፈለገው።

ስለዚህ የዳኝነት ኮርስ ሲወጣ ተመዝገብ። ኅዳር ላይም ታላቁ ሩጫን በበጎ ፈቃድ አገልግል፤ ውድድር ከጀርባው ምን እንደሚመስል ታያለህ።

የስፖርት መምህርቷ፦
ትምህርቱንም አትርሳ ወንድሜ። ክፍት የሥራ ቦታ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዲግሪ ነው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ከልጅነት ያሠለጠኑት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በቆጂ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ።

የሰንዳፋው፦
አመሰግናለሁ። ሩጫውን ላቁም ታዲያ?

ቡድን መሪው፦
ደሞዝ እየተከፈለህ ለምን ታቆማለህ? ነገ ልምምድ ስትጨርሱ አሰልጣኝህን «ለሚቀጥለው ውድድር የስም ዝርዝሩን እኔ ላዘጋጅ» በለው። እምቢ አይልህም፣ ያንን ሥራ የሚወድ ሰው የለም።