ክርክር፦ የሰጪ ስም በማይክ ይነበብ ወይስ ሙዳየ ምጽዋቱ ይበቃል?

ናቲ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው እሁድ ያየሁትን ልንገራችሁና ተከራከሩበት። የሰፈራችን ቤተክርስቲያን ጣሪያ ያፈሳል። ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮው መቀየር አለበት። ከቅዳሴ በኋላ ኮሚቴው ማይክ ይዞ ስም ማንበብ ጀመረ። «አቶ እገሌ፣ 50,000 ብር!» እልልታ። «ወይዘሮ እገሊት፣ 20,000!» እልልታና ጭብጨባ። መሃል ላይ «ስሜ አይጠራ ያሉ እናት፣ 50 ብር» ተባለ። ዝም። አንድ ሰው እልል አላለም። እኔም አላልኩም። ብሩን ሲሰጡ አጠገባቸው ስለነበርኩ አውቄያቸዋለሁ፣ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡ እናት ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰጪ ስምና የብር መጠን በአደባባይ መነበቡ ከክርስትና ጋር ይሄዳል?

ወለተ ኪዳን፦
ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ማቴዎስ 6 ላይ ተጽፏል እኮ። «በፊትህ መለከት አታስነፋ»፣ «ቀኝ እጅህ የምትሠራውን ግራ እጅህ አትወቅ»። ማይክ የዘመናችን መለከት ነው። ለጭብጨባ ከሚሰጥ ባይሰጥ ይሻለዋል። ጨረስኩ።

ሙሉጌታ፦
እህቴ፣ አልጨረስሽም። ከምዕራፍ 6 በፊት ምዕራፍ 5 አለ። «መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ እንዲሁ በሰው ፊት ይብራ» ይላል። ተናጋሪው ያው አንዱ ጌታ ነው።

እኔ በሌላ ደብር የሕንፃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙዳየ ምጽዋቱን ብቻ አምነን ጠበቅን። ሲከፈት የሚወጣው የተጨማደደ አሥር ብርና ሳንቲም ነው። ማይክ የያዝን ቀን በአንድ ጠዋት የዓመቱን ሳጥን በለጥነው። ይሄ ፈሪሳዊነት ከሆነ ጳውሎስንም ጨምሩበት። ለኢየሩሳሌም ድሆች ሲሰበስብ የአካይያን ሰዎች ለመቄዶንያ ሰዎች እያነሳ ይመካባቸው ነበር። 2ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ቅንዓታችሁ ብዙዎችን አነሣሣ ይላቸዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ግን ሃምሳው ሰው መጀመሪያ መጠራት አለበት።

ሳሚ፦
እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ካልከለከላችሁኝ ልግባ። እኛ ጋ ማይክ የለም። ፖስታ ግን አለ፣ ፖስታው ላይ ደግሞ ስም ይጻፋል። ስለዚህ ድንጋይ ልወረውር አልመጣሁም።

ጋሽ ሙሉጌታ፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ ትንሽ ወረድ ቢሉ ቁጥር 7ን ያገኛሉ። «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፣ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም»። ማይክ የሚያወጣው ብር የደስታ ነው የይሉኝታ? እኔ ይሉኝታ ነው ባይ ነኝ። ጎረቤትህ 5,000 ካለ በኋላ 500 ማለት እንዴት እንደሚከብድ ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ዘመዴ ሞቅ ብሎት 10,000 ቃል ገባ። ቃሉን ለመሙላት የቤት ኪራዩን ነካ። ከሚስቱ ጋር ሦስት ሳምንት ተኳረፉ።

የሐዋርያት ሥራ ላይ ያሉት ሐናንያና ሚስቱ ሰጲራም እኮ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው የወደቁት። በርናባስ መሬቱን ሸጦ ብሩን በሐዋርያት እግር አጠገብ አኖረ። ሁሉም አየ። ሐናንያም ያን ክብር ፈለገ፣ ከመሬቱ ዋጋ ግን ከፊሉን ደብቆ ሁሉንም ያመጣ መሰለ። ጴጥሮስ ሳትሸጠው ያንተ አልነበረም ወይ፣ ከሸጥከውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቀው። ሁሉንም አምጣ ያለው ሰው የለም። የበርናባስን ስም በግማሽ ዋጋ ሊገዛ ፈልጎ ነው።

ወለተ ኪዳን፦
ሳሚ ኑርልኝ።

ሙሉጌታ፦
ታዲያ የበርናባስን ስም ማን ነገረህ? ሉቃስ ጽፎት አይደለም? ያ ስም ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ እየተነበበ ነው። የኔ ማይክ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የሚጮኸው።

ዲያቆኑ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ባልፍ ይቀለኝ ነበር። ግን እዚያው ማቴዎስ 6 ላይ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» የሚለውን ሁላችሁም ዘለላችሁት። በግሪክኛው የንግድ ቃል ነው። በዚያ ዘመን ደረሰኝ ላይ «ሙሉ ተከፍሏል» ለማለት ይጽፉት ነበር። ጌታ ሰጪውን ሌባ አላለውም። ጭብጨባ ገዝቷል፣ ጭብጨባውን ወስዷል፣ ሒሳቡ ተዘግቷል ነው ያለው።

ሌላም አለ። የአይሁድ የቃል ሕግ የተጻፈበት ሚሽና ስለ ኢየሩሳሌም መቅደስ ሲናገር 13 የስጦታ ሣጥኖች ነበሩ፣ ቅርጻቸውም መለከት ይመስል ነበር ይላል። ከነዚያ ሌላ ደግሞ «የምስጢር ክፍል» የሚሉት ነበራቸው። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ተደብቀው ገብተው ያስቀምጣሉ። ከጥሩ ቤተሰብ ተወልደው የደኸዩ ሰዎች ደግሞ ተደብቀው ገብተው ይወስዳሉ። ሰጪና ተቀባይ አይተያዩም። እኔን የሚያስቀናኝ ያ ክፍል ነው።

እንዲያም ሆኖ ማርቆስ 12 ላይ ጌታ በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ ማን ስንት እንደጣለ ያይ ነበር። ድሃዋ መበለት ሁለት ናስ ስትጥል እልል ያለላት የለም። እሱ ግን ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ አሳያቸው። ናቲ፣ የነገርከን ዝምታ ይሄን ነው ያስታወሰኝ።

አስቴር ከቨርጂኒያ፦
እናንተ ማይክ ትላላችሁ፣ እዚህ ጨረታ ነው! በራት ግብዣ ላይ ድፎ ዳቦ ይወጣል። ሰው እየተፎካከረ ዋጋ ይጨምራል። ያሸነፈው ሰውዬ መልሶ ይሰጠዋል፣ ያው ድፎ እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። እኔ አንድ ድፎ አራቴ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማንም አልበላውም። ቤተክርስቲያኑ ግን ተገዛ።

ደግሞ አሜሪካ ግራ እጅ ማወቁ ግዴታ ነው። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ሰጥተሽ ከታክስ ላይ ላስቀንስ ካልሽ ከተቀባዩ ድርጅት የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልግሻል። በየጥሩ፣ በየየካቲቱ ስሜና ያዋጣሁት ብር ያለበት ደብዳቤ ቤቴ ይመጣል። ዲያቆን፣ እሱን ካስገባሁ «ሙሉ ተከፍሏል» ማለት ነው?

ዲያቆኑ፦
የተመለሰልሽን ለምን እንዳዋልሽው ንገሪኝና እመልስልሻለሁ።

ጋሽ ታዴ፦
ልጆች፣ «ለጭብጨባ ከሚሰጥ ባይሰጥ ይሻለዋል» የምትለዋን ቃል አልወደድኳትም። በላዔ ሰብእን ረሳችሁት? የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ላይ በየዓመቱ የምንሰማውን? 78 ሰው የበላ ሰው ነው። በውሃ ጥም የተቃጠለ ለምጻም ሲለምነው መጀመሪያ እምቢ አለ። በብዙ ስም ተለመነ፣ እምቢ። በመጨረሻ ስለ ማርያም ሲባል ጥርኝ ውሃ ሰጠ። ምን ልብ ነበረው? ምን ንጽሕና? እንደ ተአምረ ማርያም ግን ያቺ ጥርኝ ውሃ ሚዛን ደፋች። ልቤ እስኪጠራ ብለን ብንቀመጥ ለማኙ በጥም ይሞታል። ስጡ። ልባችሁን በኋላ ተጣሉት።

ኪያ፦
እኔም ልናዘዝ። ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማዕከል ሕንፃ በቀጥታ ስርጭት ብር ሲሰበሰብ እንቅልፍ ትቼ ሳይ ነበር። በቴሌብር ላክሁ። ስሜ ሲጠራ ሰፈሩን በጩኸት ቀሰቀስኩት። እናቴን ደውዬ ቀሰቀስኳት። እሷም ላከች። ኃጢአት ነው? ካሜራው ባይኖር እኔም አልልክም፣ እናቴም አትልክም ነበር። እውነቱ ይሄ ነው።

ቤዛ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሰጪው ነው። ስሙ ይነበብ፣ አይነበብ፣ ልቡ ጠራ፣ አልጠራ። ከወዲያ ማዶ የቆመውን ሰው ያነሳው ዲያቆኑ ብቻ ነው፣ እሱም ስለ ድሮ።

የፋሲካ ሰሞን ነበር። አባቴ በሞተ በዓመቱ። ሰዎች 5 ሊትር ዘይትና ዱቄት ይዘው ቤታችን መጡ። ካሜራ ይዘዋል። እናቴን «ወደዚህ ይዙሩ» አሏት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ ስታደርግ «ፊትዎ አልታየም» ብለው ደገሙት። ሁለት ጊዜ ተቀበለችው አንዱን ዘይት። ለትምህርት ስንመለስ ቪዲዮውን ክፍል ውስጥ ያላየው ልጅ አልነበረም። የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘይቱ በወሩ አለቀ። ቪዲዮው እስካሁን አለ።

የሰጡን ሰዎች ልባቸው ንጹህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጥሩ ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ሳሚ፦
...

ዲያቆኑ፦
እህቴ፣ ይቅርታ። ሲራክ ስጦታ ስትሰጥ የሚያሳዝን ቃል አትጨምርበት ይላል። ካሜራም ቃል ነው ለካ።

ሙሉጌታ፦
ቤዛ፣ ይሄን ሳነብ አፈርኩ። እኛም አንድ የፋሲካ ቀን ፎቶ አንስተናል። ነገ ለኮሚቴው ነግሬ አስወርደዋለሁ። በቆርቆሮው ግን አልተሸነፍኩም። ጣሪያ ፊት የለውም፣ አያፍርም።

ሳሚ፦
እሺ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ለጣሪያው ማይኩን ይያዙ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ጳውሎስ ስለዚያው መዋጮ ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እናስባለን ብሎ ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ልኳል። ምዕራፍ 8 ላይ ነው። የገባውን እልል እያላችሁ አነበባችሁ። የወጣውንስ በዚያው ማይክ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ስሚንቶው ስንት፣ ቆርቆሮው ስንት፣ የእጅ ዋጋው ስንት?

ሙሉጌታ፦
አንዴ በወረቀት ለጥፈናል።

ወለተ ኪዳን፦
መቼ?

ሙሉጌታ፦
ቆየት ብሏል።

ናቲ፦
ተመልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ጉሊት ሄጄ ሽንኩርት ገዛሁ። እልል ሳልል በመቅረቴ ሕሊናዬ አላስቀመጠኝም። «እማማ፣ እሁድ ዕለት ስሜ አይጠራ ያሉት ስለ ማቴዎስ 6 ነው?» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ኧረ ልጄ፣ የዕቁባችን ዳኛ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሳምንቱን ዕቁብ አልጣልኩማ!» አሉኝ። ከዚያ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት መረቁልኝ።

ወለተ ኪዳን፦
ወይ ጉድ።