ለመትከያ ጽጌረዳ ምን ያህል አፈር ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሦስት የጽጌረዳ ችግኞችን በረንዳ ላይ ለማሳደግ አስቤያለሁ፤ አንዷ ድንክ ዝርያ ናት፣ ሁለተኛዋ በየዘንጉ አንድ አንድ ትልቅ አበባ የምታወጣ ናት፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ሐረግ ናት። የገዛኋቸው መትከያዎች በሙሉ አፋቸው 40 ሴንቲ ሜትር፣ ታቻቸው 30፣ ቁመታቸውም 40 ነው። አንዱ ስንት ሊትር አፈር ይይዛል? ለሦስቱም ይሆናልን? ከታች ጠጠር መደልደሉስ ውኃውን ያንጠፈጥፋል?

መልስ፦
ውኃ ሲያጠጡ እንዳይፈስ ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ መተው ስለሚገባ፣ የአፈሩ ጥልቀት 35 ይሆናል። መትከያው ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ቢኖረው ኖሮ 44 ሊትር ይይዝ ነበር፤ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ግን የሚይዘው 33 ሊትር ገደማ ነው። አፉን ብቻ ለክቶ አፈር የሚገዛ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አፈር ውኃ ሲጠጣ ስለሚሰጥም ሦስት አራት ሊትር ትርፍ ይያዙ።

ይህ መጠን ለሁለተኛዋ ይበቃታል። ለድንኳ ግን ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላታል፤ ትንሽ ሥር በብዙ አፈር መካከል ሲገባ ያልተጠጣው ውኃ ለቀናት ተኝቶ ሥሩን ያበሰብሰዋልና። ሐረጓ ስፋቱም ጥልቀቱም ከ50 ያላነሰ መትከያ ትፈልጋለች።

ሌላ መልስ፦
ጠጠሩን እባክዎ ይተዉት። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ስለሆነ፣ ጠጠሩ ረግረጉን ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። እኔም ለዓመታት ስደለድል ኖሬ አንዱን መትከያ ስገለብጥ፣ ከጠጠሩ በላይ ሦስት ጣት ያህል ላይ ያለው ሥር ሁሉ ጠቁሮና ሸትቶ አገኘሁት። በእርስዎ መትከያ 5 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ወደ 4 ሊትር የሚጠጋ የአፈር ቦታ ይወስዳል። ይልቁንስ ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑና መትከያውን በጡቦች ላይ ያስቀምጡት። የጓሮ አፈር ብቻውን ስለሚጠጥር ግማሹን ብስባሽ ያድርጉት፣ ጥቂት ሻካራ አሸዋም ይጨምሩበት። ሲረጥብ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ስለሚችል አፈሩን የሚሞሉት ቦታው ላይ ካስቀመጡት በኋላ ይሁን።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐረጓን ትልቅ መትከያ እስካገኝላት በመጣችበት የፕላስቲክ ከረጢት ባቆያት ትጎዳለች?

መልስ፦
ለጥቂት ሳምንታት አትጎዳም። ከረጢቱ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ጠዋት ጠዋት ጣትዎን ወደ አፈሩ አስገብተው ይፈትሹ፤ ደረቅ ከሆነ ውኃው ከታች እስኪወጣ ድረስ ያጠጧት።