ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ውሻ ወይ ድመት ልታስመክኑ ላሰባችሁ (ጥቆማ)

ሰሞኑን ማርቆስ ላይ ውሻ የሚያመክን ጥሩ ሐኪም ጠቁሙን የምትሉ ስለበዛችሁ የደረሰብኝንም ያየሁትንም ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ግን ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት አንብቡት።

የኛዋ ሊሊ ትባላለች። እናቴ በየጊዜው ቡችላ ለማን ልስጥ እያለች ስለተቸገረች ነው እናስመክናት ያልነው። የወሰድናት አንድ የግል ክሊኒክ ነው፣ ስሙን አልጠራም ምክንያቱም አቤቱታው ገና አላለቀም። ጠዋት 3 ሰዓት ገባች፣ 6 ሰዓት ላይ ማደንዘዣው እንኳን ሳይለቃት ውሰዷት ተባልንና በባጃጅ ይዘናት መጣን። ማታ ላይ ድዷን ገልጬ ሳየው ነጭ፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ እግሯ ቀዝቅዟል። ደወልኩ አያነሳም፣ ደግሜ ስደውል ስልኩ ጠፍቷል። እናቴ በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋት አደረች። ሲነጋ ጎረቤታችን የሚያውቀው የመንግስት ክሊኒክ የሚሰራ ሐኪም ጋ ወሰደን፣ ስፌቱን ፈቶ ሲያየው ወደ እንቁልጢዋ (እንቁላል የሚያመነጨው አካሏ) የሚሄደው ደም ስር የታሰረበት ክር ተንሸራቶ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ውስጥ ስትደማ ነው ያደረችው። እንደገና አስሮ ግሉኮስ ሰቅሎላት ተረፈች፣ ተመስገን።

እሱ ሐኪም ራሱ የነገረኝ ነገር አለ፣ ክር መንሸራተት ጎበዝ ሐኪም እጅም ላይ ይደርሳል ብሎኛል፣ አምኜዋለሁ። እኔ የተቃጠልኩት ምን ምልክት እንደምናይ ሳይነግሩን መላካቸው፣ ስልክ መዝጋታቸው፣ በማግስቱ ስንሄድ ደግሞ "ውሻ እኮ ናት፣ ሌላ ታመጣላችሁ" መባላችን ነው። ካርድ ስጡኝ ስል ካርድ የለም። ምን ማደንዘዣ እንደተወጋች፣ ስንት ኪሎ እንደሆነች የተጻፈ ነገር የለም!

ስለዚህ ጥቆማዬ ይሄ ነው። የመንግስቶቹ ክሊኒኮች ዋጋቸው ትንሽ ነው፣ እጃቸውም ልምድ አለው፣ ግን ልምዱ አብዛኛው በሬና ላም ላይ ስለሆነ ጠይቁ፣ ውሻ አደንዝዘህ ታውቃለህ ወይ በሉት፣ አትፈሩ። ለምሳሌ ዛይላዚን የሚባለውን የማደንዘዣ መድኃኒት እዩ፣ ለከብትም ለውሻም ይሰጣል፣ ግን ከብት በጣም ስለሚበረታባት በኪሎ ሲሰላ የሚሰጣት ከውሻው እጅግ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ውሻችሁን ሳይመዝን በአይኑ ገምቶ የሚወጋ ካያችሁ ይዛችሁ ውጡ። ይሄው መድኃኒት ውሻና ድመትን ያስታውካል፣ ለዛ ነው ለአዋቂ ውሻ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ አትስጡ የሚባለው። እኛን ማንም አልነገረንም፣ ሊሊ ጠዋት ፍርፍር በልታ ነው የሄደችው።

የግል ክሊኒኮች አንዳንዶቹ ቅዳሜና እሁድም ይከፍታሉ፣ መድኃኒትም አይጠፋባቸውም፣ ግን አንዳንዱ መድኃኒት መሸጫ ሆኖ ከጀርባ ክፍል የሚቀድ ስለሆነ ቀዶ ጥገናው የሚሰራበትን ክፍል አሳዩኝ በሉ። ቤት ድረስ የሚመጡትን ለክትባትና ለትል መድኃኒት እሺ፣ ሆድ ለመክፈት ግን እኔ በጭራሽ አልመክርም። አቅሙ ላላችሁና ጉዳዩ ከበድ ላለባችሁ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ፣ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለኛ ለማርቆሶች ደግሞ አባይን ተሻግሮ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ይቀርባል። ደም እየፈሰሳት ያለችን ውሻ ግን የትኛውም ጋ አታደርሷትም፣ ስለዚህ ቅድሚያ እዚሁ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ፈልጉ። እኔ አሁን ሐኪም የምመርጠው በዚህ ነው፣ ዋጋ ሁለተኛ ነው።

ቤት ስትመልሷት የምትጠቀሙበትንም ላካፍላችሁ። ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ እኛ ጋ ስላልተገኘ ከትንሽ ባልዲ ቂጡን ቆርጠን ሰራንላት፣ አሮጌ ካናቴራም አልብሰን ሞክረናል ግን በአንድ ሌሊት ቀደደችው፣ ባልዲው ይሻላል። ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ነው የሚወጣው። ከሰው ፋርማሲ ማስታገሻ ገዝታችሁ እንዳትሰጡ! ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ ግማሽ ፍሬም ቢሆን፣ አይቡፕሮፌንም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ድዷን በየሰዓቱ እዩ፣ ነጭ ከሆነ አትጠብቁ።

አቤቱታ እንዴት ነው ላላችሁኝ፣ መጀመሪያ ለክሊኒኩ በጽሑፍ አስገቡና ገቢ የሆነበትን ቅጂ ያዙ፣ ቀጥሎ የከተማው ወይ የወረዳው እንስሳት ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነ ዞን። የሁለተኛው ሐኪም የጻፈው ወረቀት ነው ትልቁ ማስረጃ፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው፣ ፎቶም ከነሰዓቱ አንሱ። ፍርድ ቤት ለምትሉ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ መስራት አለበት ይላል፣ ክሱ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው መቅረብ ያለበት። ሕጉ ውሻን እንደ ንብረት ነው የሚያያት፣ ይሄ ሲነገረኝ በጣም ነው ያዘንኩት፣ እናቴማ ስትሰማ "ንብረት በጋቢ ታቅፎ ያድራል እንዴ" አለች። እኔ የጠየቅኩት የሁለተኛውን ሕክምና ወጪ እንዲመልሱና ከዚህ በኋላ ለሁሉም ካርድ እንዲሰጡ ነው። ካርዱን ጀምረዋል አሉ፣ ብሩ ገና ነው።

ሞጣ ያለሽው እህቴ ድመቴን ሐሙስ ለማስመከን ባሕር ዳር ልወስዳት ነው ብለሻል፣ ቢቻል ወደ ሰኞ አዙሪው፣ ቅዳሜና እሁድ ከመጣ ችግር ቢፈጠር የሚከፍት ላታገኚ ትችያለሽ። ባሕር ዳር ድመት በደንብ የሚሰራና ማታ ስልክ የሚያነሳ የምታውቁ ደግሞ እባካችሁ በውስጥ ጻፉላት።